ሙቀትን የሚችል፣ ሞገድን የሚውጥ ሴራሚክ፦ የክፍል ሙቀት ልኬት ለምን አይበቃም?



ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞገድን በሚገባ የሚውጥ ቁስ በ1000 ዲግሪም ያንኑ ተግባር እንደሚፈጽም በምን እናውቃለን?

አንድ ቁስ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድን ለመዋጥ ሁለት መስፈርቶችን ማሟላት አለበት። በመጀመሪያ ሞገዱ ከገጹ ሳይንጸባረቅ ወደ ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ ለዚህም የቁሱ ኢምፒዳንስ 377 ኦም ገደማ ከሆነው ከባዶ ሕዋ ኢምፒዳንስ ጋር መጣጣም አለበት። ቀጥሎም የገባው ኃይል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ሁለቱን ማስታረቅ ቀላል አይደለም፤ ኤሌክትሪክን አብዝቶ የሚያስተላልፍ ቁስ ሞገዱን ከደጅ ይመልሰዋል፣ ፈጽሞ የማያስተላልፈው ደግሞ ያሳልፈዋል።

ሙቀት ሲጨመር ብዙ የታወቁ ቁሶች ከውድድሩ ይወጣሉ። ማግኔታዊ ቁሶች የኪዩሪ ነጥባቸውን ሲያልፉ ማግኔታዊ ጠባያቸውን ያጣሉ፤ ይህ ነጥብ ለንጹሕ ብረት 770፣ ለማግኔታይት 585 ዲግሪ ገደማ ነው። ካርቦንም አየር ባለበት ከጥቂት መቶ ዲግሪዎች በላይ ይቃጠላል። ሲሊከን ካርባይድ ተፈላጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሲግል በገጹ ላይ የሚፈጠረው ስስ የሲሊካ ሽፋን ውስጡን ከኦክሲጅን ይጠብቅለታል። ጃፓናዊው ሴይሺ ያጂማ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ሴራሚክ ከፖሊመር በክር መልክ መሥራት እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ፣ አስተላላፊነቱን በአመራረት ሂደት መግራት የምርምር መስክ ሆኗል።

ነገር ግን ሲሊከን ካርባይድ ከፊል አስተላላፊ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር አስተላላፊነቱና ፐርሚቲቪቲው ይለወጣሉ። ለምሳሌ በብረት ላይ የተለጠፈ፣ አንጻራዊ ፐርሚቲቪቲው 9 የሆነ ንጣፍ እናስብ። በ10 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት በአየር 3 ሴንቲሜትር፣ በንጣፉ ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ሩብ ሞገድ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ንጣፉን በዚህ ውፍረት ሠራን እንበል። ግሎ ፐርሚቲቪቲው ወደ 16 ቢያድግ፣ ያው ውፍረት የሚስማማው ለ7.5 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ቁሱ አልቀለጠም፣ አልተሰነጠቀም፤ ሆኖም ከተሠራለት ዓላማ ወጥቷል።

ስለዚህ በክፍል ሙቀት የተገኘ የ20 ዴሲቤል ቅነሳ፣ ማለትም ከመቶ አንድ እጅ ብቻ መንጸባረቁ፣ ስለ ጋለ ምድጃ ወይም ስለ ሞተር ጭስ ማውጫ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ተማሪዎቼን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ልኬቱ ቁሱ በሚያገለግልበት ሙቀት ይከናወን፤ ናሙናው በጋለ አየር ውስጥ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ ይደገም፤ ውፍረቱና የድግግሞሽ ክልሉ ከውጤቱ ጋር ይገለጹ።

መሣሪያው ውድ መሆኑን አልዘነጋም፤ የመለኪያው የብረት ቱቦ ራሱ በሙቀት ይለጠጣል፣ ይዝጋልም። መሣሪያው በሌለበት ጊዜ ግን ታማኙ መንገድ ከመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ላይ «ሙቀትን የሚችል» የሚለውን ማንሣት ነው። ያ ቃል የሚገባው ቁሱ በእሳት ውስጥ ሆኖ ሲመረመር ብቻ ነው።