የሻገተ በቆሎ ለዶሮም አይሆንም



ለእናቶች እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ለመግዛት ከያዝነው ገንዘብ ጥቂቱ ለመኖ ጥበቃ እንዲውል ልጠይቃችሁ ነው የተነሣሁት።

አገር ቤት ለሰው ያልሆነ እህል ለዶሮ ይሰጣል። የሻገተ በቆሎ፣ ለውዝና የኑግ ፋጉሎ ግን አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል። መርዙ የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፤ እንቁላሏን ይቀንሳል። በሰው ላይም የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ እንደ ነርስ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ በተበከለ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም።

መኖ ላይ የሚጨመር ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር አለ። አፍላቶክሲኑን በዶሮዋ አንጀት ውስጥ ይይዘውና ከኩሷ ጋር እንዲወጣ ያደርጋል። ሌሎቹን የሻጋታ መርዞች ግን እምብዛም አይዝም፤ የተበላሸ መኖንም ደኅና አያደርግም።

ስለዚህ በቅድሚያ በቆሎው እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች እስኪሆን ይድረቅ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ የሻገተው ተለቅሞ ይወገድ። ቤንቶናይቱ ከዚያ በኋላ፣ አምራቹ ባዘዘው መጠን ይደባለቅ። አንድ የእርጥበት መለኪያ ለብዙ ቤተሰብ ያገለግላል። ዶሮዎቹን ከመግዛታችን በፊት እሱን እንግዛ።