ቀልቡ የማይሰበሰብ ልጅ፦ የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት መታወክን ስለ መለየት



ቋንቋችን ለዛሬው ጉዳይ ቃል አላጣም። ቀዥቃዣ፣ ቅብጥብጥ፣ ቀልበ ቢስ እንላለን። ሦስቱም ልጁን ይወቅሳሉ እንጂ የሆነውን ነገር አያስረዱም። ወቀሳው ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል በ1902 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባሰሟቸው ሦስት ንግግሮች እንዲህ ያሉ ልጆችን በጥንቃቄ ገልጸው፣ የማሰብ ችሎታቸው ጤናማ መሆኑንም ተመልክተው፣ ችግሩን የግብረ ገብ ቁጥጥር ጉድለት ብለውታል። ዛሬ ጉዳዩ ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ መታወክ እንደሆነ፣ በዘር የመተላለፍ ዕድሉም ከፍተኛ እንደሆነ ታውቋል።

«የትኩረት ማነስ» የሚለው ስያሜም ቢሆን ያሳስታል። ልጁ ትኩረት አላጣም፤ ያጣው ትኩረቱን ወደሚፈለገው ነገር የመምራትና እዚያው የማቆየት ኃይል ነው። ስለዚህም በሚወደው ጨዋታ ላይ ሁለት ሰዓት ተመስጦ የሚቀመጠው ልጅ አንድ ገጽ ሒሳብ መጨረስ ያቅተዋል። ይህን ያየ ሰው «ሲፈልግማ ይችላል» ይላል። በእኔ ግምት ብዙ ልጅ ያስገረፈች ዐረፍተ ነገር ይህች ናት።

ታዲያ መቼ ነው መታወክ የሚባለው? የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከትኩረት ማነስ ወይም ከቅብጥብጥነትና ከችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ 6 ያህሉ ለ6 ወር ሊዘልቁ፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ሊጀምሩ፣ ኑሮንና ትምህርትንም ሊያውኩ ይገባል። ከሁሉ በላይ የማሰምርበት ግን ምልክቶቹ ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ መታየት እንዳለባቸው ነው። በቤት ረጋ ብሎ በአንድ መምህር ክፍል ብቻ የሚያስቸግር ልጅ ካለ፣ አስቀድሞ የሚመረመረው ክፍሉ ነው።

የሚያሳስበኝ የሚረብሸው ልጅ አይደለም፤ እርሱ መታየቱ አይቀርም። የሚያሳስበኝ ስልሳ ተማሪ በሞላበት ክፍል ከኋላ ተቀምጣ፣ ማንንም ሳታስቸግር፣ በመስኮት እያየች ዓመቱን የምትጨርሰው ልጅ ናት። ደብተሯን ትረሳለች፣ የጀመረችውን አትፈጽምም፣ ስትጠራ ትደነግጣለች። «ጨዋ ናት፣ ብቻ ትምህርት አይገባትም» ተብላ ትታለፋለች።

በሌላ በኩል፣ ፈዞ የሚታይ ሁሉ ይህ መታወክ አለበት ማለት አይደለም። የማየትና የመስማት ችግር፣ የእንቅልፍ ማነስ፣ ረኃብ፣ በቤት ውስጥ ያለ ሐዘን ወይም ዱላ ተመሳሳይ ገጽታ ይሰጣሉ። ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚያፈዝ የሚጥል በሽታ ዓይነትም አለ። ከክፍል ጓደኞቻቸው በዕድሜ የሚያንሱ ልጆችም በስሕተት ይህ መታወክ አለባቸው ሊባሉ ይችላሉ፤ በስድስትና በሰባት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለምና።

ስለ ሕክምናው በአጭሩ፦ ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚቀድመው ለወላጆች የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ከዚያ በላይ እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ መድኃኒቶች በሐኪም ክትትል ብዙዎችን ይረዳሉ። በክፍል ውስጥ ደግሞ የፊት ወንበር፣ አንድ በአንድ የሚሰጥ አጭር ትእዛዝና የተከፋፈለ ሥራ ዋጋቸው ትልቅ ነው።

መምህራን ልጅን ወደ ሐኪም ስትልኩ «ሰነፍ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ይነሣል፤ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ግን እስከ ደወል ይቀመጣል፤ ይህን ካየሁ አራት ወር ሆነኝ» ብላችሁ ጻፉ። ሐኪሙ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።