በመጀመሪያው ማጣሪያ ስለ ቀረው ነጂ



ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ሽቅብ የሚወጣ ነጋዴ በቅሎው ብትደክምበት ጭነቱን ወደ ሌላ ከብት ያዛውራል እንጂ ንግዱን አይተውም። እንደዚሁ ስላደረገው ጀርመናዊ የመኪና እሽቅድምድም ነጂ፣ ስለ ቤርንት ሽናይደር፣ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሽናይደር በ1964 ተወለደ። በ1987 በአገሩ የፎርሙላ 3 ሻምፒዮን ሆኖ በሚከተለው ዓመት ወደ ፎርሙላ 1 ገባ። በዚያ ያገኘው ግን ውርደት ነበረ። በ1989 ተወዳዳሪው ስለ በዛ፣ 13 መኪናዎች ዓርብ ጧት ለ1 ሰዓት ይፈተኑና 4ቱ ብቻ ወደሚቀጥለው ማጣሪያ ያልፉ ነበር። እርሱ ከ16ቱ ውድድር 14ቱን ጊዜ በዚያው በጧቱ ፈተና ወደቀ፤ ሌሎቹ ገና ሳይሰለፉ ዕቃውን ሸክፎ ይመለስ ነበር። (የዘንድሮ ተፈታኞች ይህ ጧት ይገባናል።) ሞተሩ ደካማ ነበረ፤ ነገር ግን ስሙ የሚጠፋው የነጂው ነው።

ከዚያም መልካቸው በየጐዳናው የምናያቸውን የቤት መኪናዎች በሚመስሉበት በቱሪንግ እሽቅድምድም ገባ። ብዙዎች ይህን እንደ መውረድ ይቈጥሩታል። እርሱ ግን መርሴዲስ እየነዳ በ1995 የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። ውድድሩ በ1996 መጨረሻ ተቋርጦ በ2000 እንደ ገና ሲጀመር ፊተኛው አሸናፊ እርሱ ነበረ፤ በ2001፣ በ2003ና በ2006ም ደገመ። በመጨረሻው ጊዜ ዕድሜው 42 ነበረ።

በ2008 ከዚህ ውድድር ተሰናበተ። ይሁን እንጂ በ2013፣ በ48 ዓመቱ፣ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋራ እየተፈራረቀ በመንዳት በኑርቡርግሪንግ የ24 ሰዓቱን እሽቅድምድም አሸነፈ።