ወጣቱን ዋናተኛ በምን እንለካው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቀዘፋ ስልትና ስለ ልምምድ መጠን በዚህ መድረክ ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ላነሣው የምወደው ግን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ ልጁ ነገም ወደ ገንዳው ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ልጅ ከውሃ የሚሸሸው ልምምዱ ስለከበደው ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሸሸው፣ ሊለውጠው በማይችለው ነገር እየተመዘነ መሆኑን ሲረዳ ነው። ስለሆነም የአሠልጣኝ የመጀመሪያ ተግባር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በራሱ ጥረት ሊያሻሽለው የሚችለውን መለኪያ መስጠት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የተማርሁት ከገዛ ጥፋቴ ነው። ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ አሠለጥን ነበር። ከእኩዮቿ በቁመት ትበልጥ ስለነበር በየውድድሩ ትቀድማለች፤ እኔም አንደኛነቷን እንጂ አዋዋኗን አልመለከትም ነበር። ስትዞር ግድግዳውን በአግባቡ እንደማትረግጥ፣ አየር ለመሳብም ራሷን ከመጠን በላይ ከውሃው እንደምታወጣ እያየሁ፣ «ታሸንፍ የለም እንዴ!» በማለት አልፌዋለሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ሌሎቹ በቁመት ደረሱባት፤ ጥቂት ቆይተውም ቀደሟት። ነገሩ ስንፍና መስሎኝ በጓደኞቿ ፊት «ምን ነካሽ?» አልኋት። አልመለሰችልኝም። ለሁለት ሳምንት ያህል መጣች፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀረች። ዛሬ ቢሆን መልሱን ራሴ እነግራት ነበር። እርሷን የነካት ነገር አልነበረም፤ ሌሎቹ አደጉ እንጂ።

እንደሚታወቀው፣ ሴቶች ልጆች በቁመት እጅግ ፈጥነው የሚያድጉበት ጊዜ በአማካይ 12 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የወንዶቹ 14 ዓመት ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ይህ አማካይ ብቻ ነው፤ አንዱ ልጅ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ያድጋል። በአንድ ውድድር ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጆች በልደት እኩያ ቢሆኑም፣ በአካል የዓመታት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። በእጃችን የያዝነው ስቶፕዋች ግን ረጅሙን ክንድና ሰፊውን መዳፍ ከትጋት ለይቶ አያውቅም። ከዚህም የተነሣ ሁለቱም ልጆች ይጎዳሉ። ቀድሞ ያደገው ድል ያለ ድካም የሚገኝ መስሎት ያድጋል፤ የዘገየውም ድካም ፋይዳ የለውም ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም የተማሩት ስሕተት ነው፤ መምህሮቹም እኛ ነን።

ሰዓት የሚያሳስተው በዕድሜ ረገድ ብቻ አይደለም፤ በቦታ ረገድም ነው። አሜሪካዊው ማይክ በርተን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1968 የ1,500 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ16 ደቂቃ ከ08.5 ሰከንድ ፈጽሞ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በቀጣዩ ወር ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ፣ ያስመዘገበው ሰዓት 16 ደቂቃ ከ38.9 ሰከንድ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድ ሰው ላይ የታየው ልዩነት 30 ሰከንድ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት የሚያገኘው ኦክሲጅን ስለሚያንስ፣ በረጅም ርቀት ዋና ፍጥነት መቀነሱ አይቀርም። አዲስ አበባ ደግሞ ከሜክሲኮ ከተማም ትበልጣለች። እንግዲህ በባሕር ጠረፍ የሚዋኝ ልጅ ያስመዘገበውን ሰዓት በገንዳችን ግድግዳ ላይ ለጥፈን «እዚህ ድረሱ» ስንል፣ ለልጆቻችን የምናሳያቸው ግብ ሳይሆን ነቀፋ ነው። በተቃራኒው፣ በ25 ሜትር ገንዳ የተገኘ ሰዓት ግድግዳ እየረገጡ የመወርወሩ ዕድል ስለሚበዛበት ከ50 ሜትሩ ይፈጥናል፤ ይህን ያልተነገረው ልጅ ወደ ትልቅ ገንዳ ሲሄድ ያለ ጥፋቱ ያፍራል።

ታዲያ በምን እንለካው? ሦስት ነገሮችን ልጥቀስ። አንደኛው የቀዘፋ ቁጥር ነው። ልጁ 25 ሜትሩን በስንት ቀዘፋ እንደሚጨርስ ራሱ ይቁጠር። ባለፈው ወር በ24 ቀዘፋ የጨረሰውን ዛሬ በ21 ከጨረሰ፣ ሰዓቱም ካልዘገየ፣ ውሃውን መያዝ ተምሯል ማለት ነው። ሰዓቱ ካልዘገየ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጅ ብልኅ ስለሆነ ቁጥሩን ለመቀነስ ሲል ብቻ በየቀዘፋው መካከል ሊንሳፈፍ ይችላል። ሁለተኛው፣ ግድግዳውን ረግጦ ሲወረወር ቀዘፋ ሳይጀምር የሚደርስበት ርቀት ነው። ሦስተኛው፣ የውድድሩን የመጀመሪያ አጋማሽና ሁለተኛውን አጋማሽ የዋኘበት ሰዓት ልዩነት ነው፤ ይህም ጉልበቱን መጥኖ ማከፋፈል መቻሉን ያሳያል። ሦስቱንም በየራሱ ደብተር፣ በገዛ እጁ ይጻፍ። ውድ መሣሪያ አያሻም፤ እርሳስና ደብተር ይበቃል።

ይህ ነገር ለሕፃናት ብቻ የሚጠቅም ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ በ200 ሜትር የቢራቢሮ ቀዘፋ ፍጻሜ፣ የማይክል ፌልፕስ የዋና መነጽር ውሃ ሞላበት። ግድግዳው በግልጽ አይታየውም ነበር። ነገር ግን በስንት ቀዘፋ ከግድግዳው እንደሚደርስ ያውቅ ስለነበር፣ እየቆጠረ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ዐይን ባላገዘው ጊዜ ያገዘው፣ በልምምድ የራሱ ያደረገው ቁጥር ነበር።

ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል፣ የሱሪናሙ አንተኒ ኔስቲ በ100 ሜትር የቢራቢሮ ቀዘፋ በቁመት እጅግ የሚበልጠውን አሜሪካዊውን ማት ቢዮንዲን በ53.00 ለ53.01 ሰከንድ ቀደመው። ሱሪናም በዚያን ጊዜ የነበራት ባለ 50 ሜትር ገንዳ አንድ ብቻ ነበር። ኔስቲ በኋላ በአሜሪካ ሄዶ መሠልጠኑ እውነት ነው፤ ዋና የጀመረው ግን በአገሩ ነው። ያን ውድድር የለየው የመጨረሻው ንክኪ ነበር። ቢዮንዲ በቀዘፋዎቹ መካከል ተይዞ ወደ ግድግዳው ሲንሳፈፍ፣ ኔስቲ ቀዘፋውን ጨርሶ ነካ። ቁመት በተፈጥሮ ይገኛል፤ ግድግዳ አነካክ ግን ይጠናል። ይህ ሰው ዛሬ አሠልጣኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ የአሜሪካ የወንዶች የዋና ቡድን ዋና አሠልጣኝ ነበር።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሆኑት ዴሲና ራያን፣ ሰው በአንድ ሥራ በውስጣዊ ፍላጎት ጸንቶ እንዲቆይ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላሉ፤ በፈቃዱ መሥራት፣ መቻሉን ማወቅ፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ደብተሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይረዳል። ሦስተኛው ግን ከእኛ አንደበት ይጠበቃል። የዘገየውን ልጅ ስሙን ጠርተን ሰላም ማለት፣ ስሕተቱን ለብቻው መንገር፣ መሻሻሉን በሰው ፊት ማመስገን ገንዘብ አያስወጣም። ወላጆችንም እናስተምር። ከውድድር የተመለሰውን ልጅ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን አሻሻልህ?» ብለው ይጠይቁት።

ይህን ስል ውድድር ይቅር፣ ሰዓትም አይያዝ ማለቴ አይደለም። ዋና ውድድር ነው፤ የሚያሸንፍና የሚሸነፍ ይኖራል። ዳሩ ግን ደረጃው በወደቀበት ዓመት ልጁ የሚይዘው ሌላ ነገር ሊኖረው ይገባል። ያች ልጅ አዟዟሯ የተመዘገበበት ደብተር ቢኖራት ኖሮ፣ በዐሥራ አራት ዓመቷ አንደኛነቱን ብታጣም በየወሩ የሚሻሻል አንድ ነገር በእጇ ይቀር ነበር። እኔ ግን ከድል በቀር ምንም አልሰጠኋትም፤ ድሉ ሲሄድ አብራው ሄደች።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በሚቀጥለው የልምምድ ቀን ከየቡድናችሁ መጨረሻ የሚወጣውን አንድ ልጅ ጥሩና ቀዘፋውን አብራችሁት ቁጠሩ፤ ከዚያም ቁጥሩን ራሱ ይጻፈው። በመጪው ጉባኤ ስንገናኝ፣ ስንት ሜዳልያ አገኘን ከሚለው ጋር ስንት ልጆች ሳይለዩን ቆዩ የሚለውንም እንድንጠያየቅ በትሕትና አሳስባለሁ።