መሐላ ከአዳራሽ ውጭ

ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ከጎባ ተነሥቶ፣ የሰኔቲን ቁር አልፎና የሐረናን ደን ሰንጥቆ ወደ ቆላው ደሎ መና የሚወርድ ወጣት ሐኪም፣ በወላጆቹና በመምህራኑ ፊት ቀኝ እጁን አንሥቶ የፈጸመው ቃለ መሐላ የሚፈተነው በምርቃቱ አዳራሽ ሳይሆን፣ ምጥ የጠናባት እናት በእኩለ ሌሊት በቃሬዛ ስትደርስ፣ ከሕሊናው በቀር ምስክር በሌለበት ሰዓት ነው።

ርእሰ ብሔሩም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 እንዳዘዘው፣ ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ፊት ቀርቦ የታማኝነት ቃል ይገባል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅም ኢትዮጵያዊነትን የሚሻውን የውጭ አገር ሰው ያስምለዋል። እኛ ከኢትዮጵያዊ አብራክ የተወለድነው ግን ሳንምል ዜጎች ነን፤ ይህም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቸልተኞች ሳያደርገን አልቀረም።

አበው በወንጌልም በቁርዓንም ሲምሉ፣ በሐሰት የማለ ሰው ዕዳው ለልጅ ልጁ ይተርፋል ብለው ይፈሩ ነበር፤ የዛሬው መሐላ ግን ብዙ ጊዜ ከጭብጨባው ጋር ያልፋል። ስለዚህ ሹም ሆይ፣ ሐኪም ሆይ፣ ዛሬ ባለጉዳዩን ከመጥራትህ በፊት የማልኸውን ቃል አንድ ጊዜ ለራስህ ድገመው።