የዜማ ትምህርት ከቃል ወደ ምልክት



በዚህ በመቶኛው ዓመት በዓል ስለ ማኅበሩ ሕንፃና ይዞታ ብዙ ተነግሯል። ስለ ትምህርቱም ጥቂት ቃል መጨመር ይገባል፤ ማኅበር በሰፋ ቍጥር ትምህርቱ አብሮ ካልሰፋ፣ ደጁ የተከፈተ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ቤት ይሆናልና።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ ብዙ ዘመን የተላለፈው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1540 እስከ 1559 በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ሊቃውንት ይተርካሉ። በግራኝ ጦርነት አድባራት ተቃጥለው፣ መምህራንም አልቀው ነበርና፣ በቃል ብቻ የኖረ ነገር በአንድ ትውልድ ሊጠፋ እንደሚችል በዐይን ታይቷል።

የምልክቱ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። እንደ ድፋት፣ ቅናትና ሂደት ካሉት ሌላ፣ ከታወቀ የዜማ ቃል ተቈርጦ የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ከመስመሩ በላይ ይጻፋል። ተማሪው ያን ፊደል ሲያይ የተወሰደበትን ዜማ ያስታውሳል። ያን ዜማ አስቀድሞ ከመምህሩ ያልሰማ ሰው ግን፣ ምልክቱን ሺህ ጊዜ ቢመለከተው ዜማው አይወጣለትም። እነዚያ ሊቃውንት ብራናውን የመምህሩ ረዳት አደረጉት እንጂ በመምህሩ ወንበር አላስቀመጡትም።

ኅትመትም ከመጣ በኋላ ነገሩ ይኸው ነው። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ፣ ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በዚያው አሳተመ፤ ቋንቋውን ግን ከለዳዊ ብሎ ሰየመው! ፊደሉን ቢያገኝ የቋንቋውን ስም ሳተ።

ዛሬ በቅድስት ሀገርም ሆነ በሌላ ባዕድ ሀገር የሚያድግ ልጅ ዜማውን ከተቀረጸ ድምፅ ይሰማል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ምልክቱን የተቀበሉ አባቶች ይህንንም ባልነቀፉት ነበር። ነገር ግን የተቀረጸው ድምፅ ያሰማል እንጂ አያዳምጥም፤ ልጁ ሲስት ዝም ብሎ ያልፈዋል። ድጓ ሊያስመሰክር ቤተ ልሔም የሚወርድ ተማሪ፣ ከዚህ ቅርብ ወዳለችው ሳይሆን ወደ ጋይንቷ፣ ያን ሁሉ መንገድ የሚሄደው የሚያርመውን ጆሮ ፍለጋ ነው።

ስለዚህ በዚያ ያስመሰከረ አንድ መሪጌታ በገዳሙ ቢመደብና ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ልጆቹን አንድ በአንድ ቢያዳምጥ፣ በየቤታቸው ከተቀረጸው ድምፅ ያጠኑት በፊቱ ይታረማል። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ይህ ወንበር በዚህ በበዓሉ ዓመት እንዲተከል ማኅበሩ ይምከርበት።