ስለ አሮጌ የስፖርት መኪኖች ፊት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የመካኒክ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው የቅንጦት ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ይኸውም አሮጌ የስፖርት መኪና የሚወዱ ሰዎች የመኪናቸውን ፊት፥ ማለት የራዲያተሩን ፍርግርግና ፓራውልቱን፥ እንዴት አድርገው እንደሚለውጡት፥ ከለወጡትም በኋላ መኪናው ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከስሙ እንነሣ። ፓራውልት የምንለው ቃል እንደ ኮፈንና እንደ ፓራፋንጎ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዣችን የገባ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ግጭትን የሚመክት ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ፍርግርጉም ቢሆን ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ነፋስን ወደ ራዲያተሩ ያሳልፋል፥ ከመንገድ የሚፈናጠረውንም ጠጠር ያግዳል። ነገር ግን ሁለቱም የተቀመጡት የሰው ዓይን አስቀድሞ በሚያርፍበት ስፍራ ነውና፥ ሠሪውም ገዢውም እንደ ሰው ፊት አድርገው ይመለከቷቸዋል። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ አንዱ ጋሻ ነው ሲል ሌላው ጌጥ ነው ይላል።

ነገሩን በአንድ መኪና ላይ አድርገን ብናየው ይሻላል። እንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ የነበረው ፋብሪካ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ኤም ጂ ቢ የተባለውን የስፖርት መኪና ይሠራ ነበር። ጣሪያው የሚገለጠውና ጂ ቲ የተባለው ባለ ቋሚ ጣሪያው አንድ ላይ ሲቈጠሩ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥተዋል፤ ከነዚህም የሚበዙት የተሸጡት በአሜሪካ ነው። መኪናው መጀመሪያ ሲወጣ ቀጫጭን ዘንጎች ቁመው የተደረደሩበት የክሮም ፍርግርግ፥ በመካከሉ ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት፥ ከበታቹም ቀጠን ያለ የብረት ፓራውልት ነበረው። በ1969 መጨረሻ ገደማ ፍርግርጉ ወደ ውስጥ ገባ ባለ ጥቁር ፍርግርግ ተተካ። ይህን ለውጥ ብዙ ሰው አልወደደውም፤ እኛም ፎቶግራፉን አይተን አልፈረድንባቸውም። በ1972 የክሮሙ ክፈፍ ተመልሶ መካከሉ የማር እንጀራ በሚመስል ጥቁር መረብ ተሞላ። እስከዚህ ድረስ የተለዋወጠው ሁሉ በጥቂት ቡሎን የሚፈታና የሚታሰር ስለ ነበረ፥ የጥቁሩ ፍርግርግ ባለቤት የቀድሞውን ፈልጎ ቢገጥም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላ ግን ሕግ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው ደንብ፥ ከሴፕቴምበር 1972 ጀምሮ የሚሠራ የቤት መኪና በፊቱ በኩል በሰዓት 5 ማይል፥ ማለት 8 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በኋላው በኩል ደግሞ በ2.5 ማይል ፍጥነት ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ መብራቱ፥ የነዳጁ መሥመርና የማቀዝቀዣው ክፍል እንዳይጐዳ የሚያስገድድ ነበር። ቀጥሎም አንዱ መኪና ከሌላው በታች ሾልኮ እንዳይገባ፥ ከመሬት ከ16 እስከ 20 ኢንች ባለው ከፍታ ላይ የሚደርሰውን ግፊት ፓራውልቱ እንዲችል ተጠየቀ። ደንቡ እስከ 1982 ድረስ ጠንክሮ ቈይቶ፥ በዚያ ዓመት የፍጥነቱ ልክ ወደ 2.5 ማይል ዝቅ ተደርጓል።

ኤም ጂ ቢ በዕድሜው የገፋና ዝቅ ያለ መኪና ስለ ነበረ ይህ ደንብ እጅግ ከበደው። መጀመሪያ በብረቱ ፓራውልት ላይ ሁለት ትላልቅ የጎማ ጉብታዎች ተለጠፉለት፤ እንግሊዞችም እነዚህን በቀልድ በአንዲት ተዋናይት ስም ሳብሪና ይሏቸዋል። በ1974 መጨረሻ ግን ክሮሙ ፈጽሞ ቀረና የመኪናውን አፍንጫ ሁሉ የሚሸፍን ትልቅ ጥቁር ፓራውልት ተተካ። ሰው የጎማ ፓራውልት ይለዋል እንጂ የተሠራው ፖሊዩሬቴን ከተባለ ሰው ሠራሽ ነገር ሲሆን፥ በውስጡም ከባድ የብረት አጥንት አለበት። ሁለት ዓይነት መኪና ከመሥራት አንድ ዓይነት መሥራት ይቀላልና፥ ይህ ፊት ደንቡ ወዳልነበረባቸው አገሮችም ጭምር ተላከ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ፓራውልቱ የሚፈለገው ከፍታ ላይ እንዲገኝ መኪናው በሙሉ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ ነበር። በዚያው ሰሞን ለወጪ ቍጠባ ሲባል ጣሪያው ከሚገለጠው መኪና ላይ የፊተኛው ማረጋጊያ ዘንግ እንዲወጣ ተደረገ። ከፍ ያለና ማረጋጊያ ያጣ መኪና በመታጠፊያ ላይ ምን እንደሚሆን መካኒክ ላልሆነም ሰው ግልጽ ነው፤ ያጋድላል። ለ1977 ሞዴል ከፊትም ከኋላም ማረጋጊያ ተሰጥቶት ጠባዩ ተሻሻለ፥ ከፍታው ግን እንደዚያው ቀረ። እንግዲህ የመኪናው ወዳጆች ሁሉ ጥቁሩን ፓራውልት ሲረግሙ፥ ግማሹ ጥፋት ከፊቱ ሳይሆን ከእግሩ መሆኑን ልብ አላሉትም።

ስለዚህ ከ1974 በኋላ የተሠራውን መኪና ወደ ክሮም ፊት የሚመልስ ሰው ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው የሚታየው ነው። የፊተኛው ፍሬቻ በጥቁሩ ፓራውልት ውስጥ የተቀመጠ ስለ ሆነ በፓራፋንጎው ላይ ቦታ አልተተወለትም፤ በቀድሞው መኪና ግን ፍሬቻው ከትልቁ መብራት በታች በፓራፋንጎው ላይ ነበረ። እንግዲህ ወይ የቀድሞውን ዓይነት ፓራፋንጎ ገዝቶ መተካት፥ ወይ ላሜራ ቈርጦ መበየድ ግድ ይሆናል። ፓራውልቱን ተሸክመው የነበሩት ወፋፍራም የብረት መያዣዎች ይነሣሉ፤ ከፍርግርጉ በታች የነበረው ክፍተት በአዲስ ላሜራ ይሸፈናል፤ በኋላውም በኩል እንዲሁ የፓራፋንጎው ጫፍ መስተካከል አለበት። ሁለተኛው ሥራ የማይታየው ሲሆን፥ እርሱም መኪናውን ወደ ቀድሞ ከፍታው ማውረድ ነው። ከኋላ ባሌስትራውን መለወጥ ወይም በባሌስትራውና በአክሱ መካከል ማውረጃ ብረት ማስገባት፥ ከፊት ደግሞ አጭር ሞላ መግጠም ወይም የቀድሞውን ተሸካሚ ብረት ፈልጎ መተካት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን የተወ ሰው፥ አዲስ ኮት ለብሶ በሰው ጫማ እንደሚሄድ ያለ መኪና ይኖረዋል።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕቃ ዛሬ አይቸግርም። ከ1988 ጀምሮ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት የኤም ጂ ቢን ሙሉ አካል በፋብሪካው የቀድሞ ቅርጽ ማውጫዎች እንደገና መሥራት ስለ ጀመረ፥ ፓራፋንጎውም ላሜራውም በገበያ ይገኛል።

ይገባልን? በመካከላችን በዚህ ጥያቄ ላይ ረጅም ክርክር ተደርጓል። አንደኛው ወገን፥ ያ ጥቁር ፊት ከሕግ ግዳጅ የመጣ እንጂ ንድፉን ያወጡት ሰዎች የፈለጉት አይደለም፤ ስለዚህ ክሮሙን መመለስ መኪናውን ወደ ራሱ መመለስ ነው አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ የ1977 መኪና የ1977 ዘመንን ታሪክ በፊቱ ላይ ይዞ ይኖራልና፥ ሕጉም የነዳጁም ችግር የታሪኩ ክፍል ነው፤ ሁሉም ወደ ክሮም ከተመለሰ የልጅ ልጆቻችን ጥቁሩን ፊት ከመጽሐፍ በቀር አያዩትም ሲል መለሰ። በመጨረሻ የተስማማንበት ሐሳብ በቁልፍ የሚፈታውንና በእሳት የሚቈረጠውን መለየት ነው። ፍርግርግ፥ ምልክት፥ የመብራት ክፈፍ፥ እነዚህ ቢለወጡ የሚቀጥለው ባለቤት ይመልሳቸዋል። ደኅና ፓራፋንጎ በእሳት ከተቈረጠ ግን ወደ ኋላ የለም። እንግዲህ የበሰበሰና ፓራፋንጎው መለወጡ የማይቀር መኪና ያለው ሰው ክሮሙን ቢመርጥ ማንንም አይጎዳም፤ ዝገት ያልነካውን ደኅና መኪና ለዚህ ብሎ መቈራረጥ ግን ብክነት ነው እንላለን።

የጃጓር ኢ ታይፕ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በ1961 ጄኔቫ ላይ ሲታይ አፉ እንደ ዓሣ አፍ ጠበብ ያለ፥ አንድ የክሮም ዘንግ ብቻ በመካከሉ የሚያልፍበት፥ የፊት መብራቱም በመስተዋት የተከደነ ነበር። የአሜሪካ ደንብ የመስተዋቱን ክዳን አስቀረው። በ1968 ሁለተኛው ዓይነት ሲወጣ አፉ እንዲሰፋ ተደረገ፤ ይህም የተደረገው ለመልክ ሳይሆን ሞተሩ ይግል ስለ ነበረ ብዙ ነፋስ እንዲገባለት ነው። በ1971 የወጣው ባለ 12 ሲሊንደሩ ደግሞ ሰፊ የክሮም ፍርግርግ ተደረገለት። ዛሬ የሁለተኛውን ዓይነት አፍ እንደ መጀመሪያው ሊያጠቡ የሚሹ አሉ። ሰፊው አፍ ግን መድኃኒት ነበር፤ መድኃኒቱን የሚያስቀር ሰው ሕመሙን በሌላ መንገድ፥ በተሻለ ራዲያተርና በጠንካራ ቬንትሌተር፥ ማከም አለበት። ይህን ሳያደርግ ጠባቡን አፍ ከገጠመ መኪናው በገበያ መካከል ቀስ ብሎ ሲሄድ ውኃው ይፈላል።

ፍርግርጉን አውጥቶ የሽቦ መረብ የሚያደርግም ሰው እንዲሁ ያስብ። የመረቡ ቀዳዳ ጠባብ፥ ሽቦውም ወፍራም ከሆነ ከላይ ሲታይ ክፍት ይመስላል እንጂ ነፋሱን ይገታል። ከፍርግርጉ ፊት ሁለት ሦስት ትላልቅ መብራት መደርደርም ለእሽቅድምድም መኪና ያምርበታል፤ የራዲያተሩን ፊት መሸፈኑ ግን አይቀርም።

ያንኑ የአሜሪካ ደንብ ሌሎች እንዴት እንደ ተወጡት ማየት ለሚወድ፥ የ1974ን ፖርሽ 911 ይመልከት። ጀርመኖቹ ፓራውልቱን ከአሉሚኒየም ሠርተው በሁለቱ ጐኖቹ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ጎማ አደረጉለት፤ ሲገፋ ወደ ኋላ ሸሽቶ አካሉን ሳይነካ ይቀራል። ለአሜሪካ በሚላኩት ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ አሞርትዛተር ከኋላው ተገጠመ። በእኛ አስተያየት ይህ ሥራ ሕግ ሁልጊዜ የመልክ ጠላት አለመሆኑን ያሳያል። ሆኖም የዚህንም መኪና ፊት ወደ ቀድሞው የሚመልሱ ብዙዎች ናቸው፤ የቀድሞው ኮፈን ረዘም ያለ ስለ ነበረ እነርሱም ኮፈኑንና ፓራፋንጎውን አብረው መለወጥ ይገደዳሉ።

አሁን ስለ ደኅንነት ጥቂት እንበል፤ ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል። አንዳንዱ ለእሽቅድምድም እንዲቀልለው ፓራውልቱን ፈጽሞ ያወልቃል። አንዳንዱ ከፋይበር ግላስ የተሠራ አስመሳይ ይገጥማል፤ ከሩቅ ሲያዩት ፓራውልት ነው፥ ሲነኩት ግን ቅርፊት ነው። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ወፍራም ቱቦ ጠምዝዞ በቀጥታ ከአካሉ ጋር ይበይዳል። የመጨረሻው ሰው ጠንካራ ነገር ሠራሁ ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ኤም ጂ ቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የሌለው፥ አካሉ ራሱ ሻንሲ የሆነ መኪና ነው። የማይታጠፍ ቱቦ የመታውን ኃይል ሁሉ ወደ አካሉ ያሳልፋልና፥ ቱቦው ሳይጎዳ መኪናው ይጣመማል። ይህ ሳያንስ፥ በእግር የሚሄድ ሰው ቢገጨው ቱቦው ለእግሩ አይራራም። መልክ የባለቤቱ ነው፤ የመንገደኛው እግር ግን የባለቤቱ አይደለም።

ስለ ክሮሙም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ብዙ ሰው ክሮም ወፍራም ሽፋን ይመስለዋል። አሠራሩ ግን ብረቱ ከጸዳና ከተወለወለ በኋላ በመዳብ፥ ቀጥሎ በኒኬል ይነከራል፤ ክሮሙ የመጨረሻው ሲሆን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ እንኳ ያነሰ ነው። ከዝገት የሚጠብቀውና የሚያበራው ይበልጡን ኒኬሉ ነው። ስለዚህ ርካሽ ክሮም ተነክሮ በመጀመሪያው ክረምት የዛገ ፓራውልት ቢታይ፥ የተሰረቀው ኒኬሉና ውልወላው መሆኑን ዕወቁ። የመንከሪያው ፈሳሽ የሚይዘው አንዱ የክሮም ዓይነት ካንሰር የሚያመጣ ስለ ሆነ፥ ይህ ሥራ በጓሮ የሚሞከር አይደለም። በዚህ ምክንያት ዛሬ ብዙ ባለቤቶች ከማይዝግ ብረት የተሠራውን ይመርጣሉ፤ ለእንግሊዝና ለጀርመን አሮጌ መኪኖች የሚሆነው እንዲህ ያለው ፓራውልት ቬትናም ውስጥ ሳይቀር ይሠራል።

በመጨረሻም የሽያጭ ነገር አለ። የክሮም ፊት ያለው ኤም ጂ ቢ በገበያ ከጥቁሩ ይልቅ ይወደዳል። ስለዚህ ፊቱ ተለውጦ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ እንደ ተሠራ ተደርጎ የሚቀርብ መኪና አይታጣም። ፊቱን የለወጠ ሰው ለገዢው ይንገረው፤ የሥራውንም ፎቶግራፍ ያሳየው። ገዢውም ፍርግርጉን አይቶ አይመን፤ የሻንሲ ቍጥሩን ያንብብ፥ ጐንበስ ብሎም የመያዣዎቹን ቦታ ይይ፤ በእሳት የተቈረጠ ብረት ቀለም ቢቀባም ጠባሳው አይጠፋም። የወለቀውንም ጥቁር ፓራውልት ከነመያዣው ዘይት ቀብቶ በጋራዡ ጥግ ማኖር ቦታ ይይዝ ይሆናል እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ሥዕሎቹንና ከጋራዥ ለምነን ያመጣናቸውን አሮጌ ፓራውልቶች በአዳራሹ መጨረሻ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስላኖርናቸው፥ መንካት የሚፈልግ ሁሉ ይንካ።